የጋፋት ሚስቶች፦ ከግሪን ካርድ በፊት የነበረ «ፕሮሰስ»

«ፕሮሰስ ላይ ናት።»

ይህ ዓረፍተ ነገር ደብረ ታቦር ውስጥ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ባሏ ውጭ ነው ማለት ነው። ፎርሙን ሞልቶላታል፣ እሷ ደግሞ ትጠብቃለች። ቀለበቱ ጣቷ ላይ፣ ባሏ ስልኳ ውስጥ። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ «እህስ፣ ምን ደረሰ?» ይላታል። ስለ ትዳሯ የጠየቃት ይመስላል እንጂ የጠየቃት ስለ ወረቀቷ ነው። ሚስቱ ወዲያ ሆና እሱ እዚህ የሚጠብቅ ወንድም አለ፣ ለእሱም ጥያቄው ያው ነው።

ብዙዎቻችን ይህን ነገር የእኛ ዘመን ጣጣ አድርገን እናየዋለን። ዲቪ፣ ዳያስፖራና ኢንተርኔት ያመጡት ነገር። እኔ ግን ዛሬ ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብዬ ጋፋት ልወስዳችሁ ነው። ጋፋትን ሁላችንም በመድፍ ነው የምናውቃት። ሴባስቶፖል፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ የመጀመሪያው «ኢንዱስትሪ መንደር»… ይህን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። ጋፋት ግን የመድፍ ብቻ ሳይሆን የትዳርም መንደር ነበረች። በትዳር በኩል አገር ውስጥ መቆየት፣ በትዳር በኩልም ከአገር መውጣት እዚያች ጉብታ ላይ ሁለቱም ተደርገዋል። የሚገርመው ደግሞ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ አቅጣጫው መገልበጡ ነው።

(ዓ.ም. ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የቀረው በፈረንጆቹ።)

መግባት እንጂ መውጣት የለም

ከጋፋት በፊት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ (ሰላይ ብትሉትም አትሳሳቱም) በ1490ዎቹ ኢትዮጵያ ገባ። ቤተ መንግሥት ደረሰ፣ መልእክቱን አቀረበ፣ በኋላም «እንግዲህ ልመለስ» አለ። አይሆንም ተባለ። መሬት ተሰጠው፣ ሚስት ተሰጠችው፣ ልጆች ወለደ። በ1520 ሌላ የፖርቱጋል ልዑክ ሲመጣ እዚሁ አርጅቶ አገኘው። ታሪኩን ያቆየልን ከልዑኩ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ነው።

እስቲ አስቡት። ዛሬ ሰው ዓመታት የሚጠብቅለትን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ እሱ ሳያመለክት አገኘው። ከነሚስቱ! የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ መውጫው።

ቀጥሎ በ1541 በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚመራ አራት መቶ የሚያህል የፖርቱጋል ጦር ግራኝን ለመውጋት ገባ። መሪው በዓመቱ ተይዞ ተገደለ። የተረፉት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1543 ከጣና ብዙ ሳይርቅ ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ፣ አሸነፉም። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ እዚሁ ቀሩ። ያገሩን ሴቶች አገቡ፣ ልጆቻቸው አማርኛ እየተናገሩ አደጉ፣ የልጅ ልጆቻቸውም ለነገሥታቱ ወታደር ሆኑ።

ታዲያ ቋሚ ነዋሪ ሆኑ ማለት ነው? ቆዩ ገና። መቶ ዓመት ከምናምን ካለፈ በኋላ፣ በ1660ዎቹ መጨረሻ፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ለእነዚሁ ዘሮች ምርጫ ቀረበላቸው። ወይ የተዋሕዶን ሃይማኖት ተቀበሉ፣ ወይ ወደ ስናር ውጡ። አያታቸው ያገባት የአገሬው ሴት አላዳነቻቸውም። «ቋሚ» የሚለው ቃል ያኔም ቢሆን የሰጪውን ፊት የሚያይ ቃል ነበር።

ጋፋት

አሁን ወደ ጎረቤታችን እንመለስ። አፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የፈለጉት የእጅ ባለሙያ ነው። ኢየሩሳሌም የነበረው የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ደግሞ በወጣትነቱ ኢትዮጵያ የኖረ ሰው ስለነበር፣ ባዝል አጠገብ ቅዱስ ክሪሾና ከሚባል ተቋም የሠለጠኑ ወጣቶችን ላከ። እጃቸው ሙያ ያውቃል፣ ልባቸው ወንጌል ማስተማር ይፈልጋል። ከ1850ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንትስለን፣ ቀጥሎም ቫልድማየርና ሳልሙለር መጡ። መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የመጡት ልጆች መጨረሻቸው ጋፋት ላይ መድፍ ማቅለጥ ሆነ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የእነሱና የኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የጋራ ሥራ ነው።

እነዚህ ሰዎች ብቻቸውን አልኖሩም። ስዊዘርላንዳዊው ቴዎፊል ቫልድማየር ሱዛን ቤልን አገባ። ሱዛን የጆን ቤል ልጅ ናት። ቤል በ1840ዎቹ መጥቶ በኋላ የቴዎድሮስ ሊቀ መኳስ የሆነ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ሊቀ መኳስ ማለት በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ የጠላትን ዓይን የሚያሳስት ሰው ነው። ቤልም በ1860 ለንጉሡ ሲዋጋ ሞተ። ከክራኮው የመጣው ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሃል ደግሞ ካታሪናን አገባ። ያገሯ ስሟ ወለተ ኢየሱስ ነው፣ አባቷ ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር፣ እናቷም ኢትዮጵያዊት።

ሁለቱንም ትዳሮች ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ሁለቱም ሴቶች ከአንድ ትውልድ በፊት በትዳር እዚህ የቀሩ ፈረንጆች ልጆች ናቸው። አባት በሚስቱ በኩል ቀረ፣ አማች ደግሞ በልጂቱ በኩል።

ፓስፖርት፣ መታወቂያ፣ ኢሚግሬሽን የሚባል ነገር በሌለበት አገር የሰው ማንነት የሚታወቀው «የማን ነህ?» ተብሎ ነው። አጎት አለህ? አማት አለህ? ስትጠፋ ማን ይጠየቃል? መጤ የነበረ ፈረንጅ ሲያገባ ለዚህ ጥያቄ መልስ አገኘ። አማት አገኘ፣ ዋርሳ አገኘ፣ ሲጣላ የሚያስታርቁት ሽማግሌዎች አገኘ። ንጉሡም የሚያውቁት ነገር አለ፤ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው በሌሊት ተነሥቶ ወደ ምፅዋ አይጠፋም። በ1864 የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ሲታሰር፣ የጋፋት ሰዎች ከነቤተሰባቸው ሥራቸው ላይ ነበሩ። ሙያቸው አስፈልጓል፣ ቤታቸውም አስሯቸዋል።

ቤተሰብ መያዣ እንደሆነ በግልጽ የታየው ግን በ1866 ነው። ቴዎድሮስ ፍላድን ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ለንደን ላኩት። ባለሙያና መሣሪያ እንዲላክላቸው ነበር የፈለጉት። ፍላድ ሄደ፣ ሚስቱና ልጆቹ ግን እዚህ ቀሩ። ሚስቱ ጀርመናዊት ናት፣ ኢትዮጵያዊት አይደለችም። ቢሆንም ለንጉሡ ስሌት ልዩነት አልነበረውም። ለንደን ደርሶ ሊቀር የሚችል ሰው በ1867 ተመልሶ ወደዚሁ ደጋ መጣ። ለምን እንደተመለሰ ለማወቅ ታሪክ ማጥናት አያስፈልግም፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው መጠየቅ ይበቃል።

ጉዞው ተገለበጠ

በጥቅምት 1867 ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ እየተጠረገ፣ ገደል እየተናደ፣ ወራት የፈጀ ጉዞ ነበር። የጋፋት ቤተሰቦችም አብረው ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ።

የጄኔራል ናፒየር ጦር እስረኞቹንና የአውሮፓ ባለሙያዎቹን ይዞ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ዙላ ተመለሰ። ከባለሙያዎቹ ጋር ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸውም ወጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡ። መቅደላ ላይ የነበሩት ሴቶች እነዚህ ብቻ አልነበሩም። የንጉሡን ሠራዊት ተከትለው የመጡ፣ ስንቅ የተሸከሙ፣ ባል የሞተባቸው ብዙ ኢትዮጵያውያት ነበሩ። አምባው ሲቃጠል እነሱ በየፊናቸው ተበተኑ። የጋፋት ሚስቶች ግን ስማቸው ከባላቸው ስም ጋር ስለተያያዘ ከጦሩ ጋር ሄዱ። ፎርም የለ፣ ኢንተርቪው የለ፣ ክሊራንስ የለ። ግን ነገሩ ያው «በባል በኩል መሄድ» ነው። ከአንድ ተራራ ሥር ሁለት ዓይነት ሚስት ወረደች፣ የለያቸውም የባላቸው አገር ነው።

ከዚያስ? ሃልና ካታሪና ያፋ ሄደው ኖሩ። ልጃቸው ማግዳሌና መቅደላ ላይ በዚያው በጦርነቱ ሰሞን እንደተወለደች ይነገራል፣ ስሟም ከዚያ ነው ይባላል። ማግዳሌና ያፋ ላይ ባሮን ፕላቶን ቮን ኡስቲኖቭ የሚባል ሩሲያ ተወላጅ አገባች። የልጅ ልጇ ሁለት ጊዜ ኦስካር ያገኘው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። የሆሊውድ ሰው ቅድመ አያት ጋፋት አጠገባችን ኖራለች ማለት ነው። ቫልድማየርና ሱዛን ደግሞ ወደ ቤይሩት ሄዱ። እሱ በ1873 ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት መሠረተ፣ በኋላም በዚያው አገር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። በ1886 የሕይወት ታሪኩን በእንግሊዝኛ አሳተመ።

ስለ ሱዛን የምናውቀው አብዛኛው ነገር በባሏ ብዕር የተጻፈ ነው። ይህ ራሱ ብዙ ይናገራል። ጋፋት ላይ ቫልድማየር የሱዛን አገር እንግዳ ነበር። ቋንቋው የእሷ፣ ዘመዱ የእሷ፣ ደጁም የእሷ። ሊባኖስ ላይ ግን ሁለቱም እንግዳ ሆኑ፣ የጀርባው ማኅበር፣ ደብዳቤውና ገንዘቡ ግን በእሱ በኩል የሚመጣ ነበር። ትዳሩ ያው ትዳር ነው። ሚዛኑን የቀየረው መርከቡ ነው።

ሕጉ ምን አለ

በኋላ ነገሩ ወደ ወረቀት ገባ። በሐምሌ 1922 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊ ያገባች የውጭ ሴት ኢትዮጵያዊት ትሆናለች አለ። ኢትዮጵያዊት የውጭ ሰው በውጭ አገር አግብታ የባሏን ዜግነት ካገኘች ግን የራሷን ታጣለች። ባጭሩ፣ ዜግነት ባልን ይከተላል። ኢትዮጵያዊ ወንድ ያገባውን ይዞ ይመጣል፣ ኢትዮጵያዊት ሴት ካገባችው ጋር ትሄዳለች።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ራሷ በ1907 ባወጣችው ሕግ የውጭ ሰው ያገባች አሜሪካዊት ዜግነቷን ታጣ ነበር። ሕጉ መፈታት የጀመረው በ1922 ነው። ዓለም በሙሉ ሚስትን የባል ጓዝ አድርጎ ይቆጥር ነበር።

የእኛ ሕግ በግልጽ የተገለበጠው በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 33 ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ከውጭ ዜጋ ጋር የሚፈጽሙት ጋብቻ ዜግነታቸውን አያስቀርም ይላል። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ያገባ የውጭ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ጋብቻው ሁለት ዓመት ከሞላውና ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት እዚህ ከኖረ፣ ሌሎቹን መስፈርቶች አሟልቶ ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ይኸው አዋጅ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምናምታታውን ነገር ለይተን እንያዝ። ማግባት ዜግነት አያስቀርም። ግሪን ካርድ፣ ማለትም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ዜግነት አያስቀርም። ዜግነት የሚያስቀረው የዚያን አገር ፓስፖርት መውሰድ ነው። ለዚያ ለሄደው ወገን ነው በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 270 «ቢጫ ካርድ» የመጣው።

ባልም ዋስም

አሁን ልል ወደፈለግኩት ነገር ደርሻለሁ።

በእኛ ደጋ አንድ ትዳር በሰማንያ ሲታሰር ከሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል። ባል ቢበድል የባል ዋስ ይጠየቃል። ሚስት ብታጎድል የሚስት ዋስ አለ። ዋሱ ሌላ ሰው ነው። ለዚህ ነው ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚኬድበት ቤት ያለው። ጋፋት ላይ የነበረው ፈረንጅ እንኳ ከሚስቱ ውጪ አማት ነበረው፣ ሽማግሌ ነበረው፣ በላዩ ላይ ንጉሥ ነበር። የሚያስፈራ ንጉሥ ቢሆንም ከትዳሩ ውጭ የቆመ ሦስተኛ ሰው ነው።

የዛሬው ስፖንሰርሺፕ ያመጣው አዲስ ነገር ውጭ አገር መሄድ አይደለም፣ እሱን ካታሪናም ሄዳዋለች። አዲሱ ነገር ባልንና ዋስን አንድ ሰው ማድረጉ ነው። የፈረመላት እሱ ነው። የምትጣላውም ከእሱ ጋር ነው። «ዋሴን እከስሳለሁ» ብትል ዋሷ ባሏ ነው። ሽማግሌዎቹ ደብረ ታቦር ናቸው፣ በዚያ ላይ ሰዓቱም ተቃራኒ ነው፤ እሷ ስታለቅስ እነሱ ተኝተዋል። ስፖንሰሯ ሚስት፣ ተጠባባቂው ባል በሆነበት ቤትም ይኸው ነው። ቁልፉ ያለው ፆታ ላይ ሳይሆን ፊርማ ላይ ነው።

የተቀባዮቹ አገሮች ሕግም ይህን ቀስ እያለ ገብቶታል። አሜሪካ በ1986 የሐሰት ጋብቻን ለመከላከል ብላ አዲስ ሕግ አወጣች። ስትገባ ትዳሯ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው የሚሰጣት ካርድ የሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ሲል ባልና ሚስት አብረው ካላመለከቱ አደጋ አለ። ሕጉ አጭበርባሪውን ሊይዝ ወጥቶ ተበዳዪቱን ከበዳዩ ጋር አሰራት። «ብትናገሪ አልፈርምልሽም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ጉልበት ያገኘችው ከዚህ ነው።

በኋላ ግን በሮች ተከፈቱ። በቅን ልብ ተጋብተው የተፋቱ ወይም የተደበደቡ ሰዎች ያለ ባል ወይም ያለ ሚስት ፊርማ ለብቻቸው የሚያመለክቱበት መንገድ በሕጉ አለ። በ1994 የወጣው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች ገና ከጅምሩ ራሳቸው እንዲያመለክቱ ፈቀደ። ስሙ የሴቶች ይሁን እንጂ ወንዶችንም ይመለከታል። ካናዳም በ2012 ለአንዳንድ ጥንዶች «ሁለት ዓመት አብራችሁ ኑሩ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አስገብታ ነበር፣ ሰዎችን ለጥቃት ያጋልጣል ተብሎ በ2017 ተነሣ።

ሌላም አለ። አሜሪካ ውስጥ ስፖንሰሩ የሚፈርመው የገቢ ዋስትና (አይ-864 የሚባለው ፎርም) ከመንግሥት ጋር የተገባ ውል ነው። በአብዛኛው ገቢው ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ እንዲሆን ይጠበቅበታል። ውሉ በፍቺ አይቀርም። የሚቀረው የመጣው ሰው ዜጋ ሲሆን፣ በሕጉ መሠረት አርባ ሩብ ዓመት የሥራ ዘመን ሲቆጠርለት፣ አገሩን ለቆ ነዋሪነቱን ሲተው ወይም አንዳቸው ሲሞቱ ነው። ካናዳ ውስጥ ለትዳር ጓደኛ የሚገባው ግዴታ ሦስት ዓመት ሲሆን፣ እሱም በፍቺ አይፈርስም። ይህን «ፈርሜልሻለሁ» እያለ የሚያስፈራራ ባል ላይነግራት ይችላል። እሱም ቢሆን ሲፈርም አንብቦት እንደሆነ እንጃ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ከትዳር ላስፈራራችሁ አይደለም። በፕሮሰስ ተገናኝተው ደስ ብሏቸው የሚኖሩ ብዙ ጥንዶች አሉ። አያቶቻችን ለሚዋደዱትም ሙሽሮች ዋስ ይጠሩ ነበር። ዋስ መጥራት ባልን አለማመን አልነበረም፣ ክፉ ቀን ሲመጣ መሄጃ ቤት እንዲኖር እንጂ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እንላለን። ቢቀዳም መቅጃው በአንድ ሰው እጅ ብቻ መሆን የለበትም።

ስለዚህ «ፕሮሰስ ላይ ናት» የምትባለዋ እህቴ፣ አንቺም «ፕሮሰስ ላይ ነው» የምትባለው ወንድሜ፣ ከሠርጉ ፎቶና ከቻቱ ስክሪንሾት ጋር ሌላም ነገር አዘጋጁ። ስለ እናንተ የሚሞላውን እያንዳንዱን ፎርም ቅጂ ጠይቁ። የጋብቻ ሰርተፍኬታችሁንና የልደት ካርዳችሁን ኮፒ እናታችሁ ቤት አስቀምጡ። በምትሄዱበት ከተማ ከባል ወይም ከሚስት ወገን ያልሆነ አንድ ሰው እወቁ። ሕጎቹም ይለዋወጣሉና፣ ከመሄዳችሁ በፊት ያለውን ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ እንጂ ከሠፈር ወሬ አትውሰዱ።

እኛ የምንቀረውም የቤት ሥራ አለብን። የሚቀጥለው ጊዜ መንገድ ላይ ስናገኛት «ምን ደረሰ?» ከማለታችን በፊት «አንቺስ እንዴት ነሽ?» እንበላት። አንድ ቀን ደውላ ነገሩ እንዳልሆነ ብትነግረን ደግሞ «ቻይው፣ ወረቀትሽ እስኪያልቅ» የምንል ሽማግሌዎች አንሁን። ዋስ የተጠራነው ለዚያ ቀን ነው።